በሌላ ሙያ ተመርቆ ወደ ነርቭ ሳይንስ ስለ መግባት

(ደባርቅ ላይ ለማኅበሩ አባሎችና ለተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ምን እንደምናገር የማኅበሩ ጸሐፊ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ መስመር ዝርጋታ ወይም ስለ ትራንስፎርመር እንድናገር የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ያቀረብሁላቸው ርእስ ሌላ ነበር፤ ይኸውም በምሕንድስና፣ በጂኦሎጂ፣ በሒሳብ ወይም በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ሰው በነርቭ ሳይንስ ለዶክትሬት ትምህርት እንዴት ያመለክታል የሚለው ነው። የነርቭ ሳይንስ የምንለው አንጎልና ነርቮች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ሲታመሙም ምን እንደሚሆኑ የሚመረምረውን ትምህርት ነው። ጸሐፊው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ይህ ነገር ደባርቅ ላይ ሰሚ ያገኛል ብለህ ነው?» አሉኝ። አዳራሹ መሙላቱን ሳይ መልሱን ያገኙት ይመስለኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ላስታውቃችሁ እወዳለሁ። የምናገረው ተሳክቶለት እንደ ተመለሰ ሰው ሆኜ አይደለም። ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለት ጊዜ ሳይቀበሉኝ ቀርተዋል፤ አሁን ለሦስተኛው በመዘጋጀት ላይ ነኝ። ምክሬን የሰማች አንዲት የዳባት ልጅ ግን ከእኔ በኋላ አመልክታ ከእኔ በፊት ገብታለች። ስለዚህ ከምናገረው ግማሹን ከውድቀቴ፣ ግማሹን ከእርሷ የተማርሁት ነው። የዘመን አቆጣጠሩን በሚመለከት ዓ.ም. ስል የእኛ ነው፤ ሌላው ሁሉ የአውሮፓውያን ነው።

በባሕር ማዶ የሚጻፉት መመሪያዎች ያልተለመደ የመጀመሪያ ዲግሪ ስላለው አመልካች ሲናገሩ የሚያስቡት፣ በገዛ ፈቃዱ ታሪክ ወይም ሙዚቃ አጥንቶ ኋላ ሐሳቡን የለወጠውን ሰው ነው። የእኛ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ለብዙ ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው በሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ የሚል መመሪያ ሲሠራበት መቆየቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወጣቱ ምርጫውን በቅጹ ላይ በተራ ይሞላል፤ ውጤቱና የየክፍሉ ኮታ ተዳምረው ግን ሌላ ቦታ ያደርሱታል። ሕክምና የሞላ የውሃ ምሕንድስና ይደርሰዋል፤ ሥነ ልቡና የሞላች ጂኦሎጂ ትመደባለች። እኔም ኤሌክትሪክን የሞላሁት በአራተኛ ተራ ነበር። እንግዲህ ከእኛ መካከል «የማይገናኝ ዲግሪ» ይዞ የሚገኘው ብዙው ሰው ነገሩ ያልተገናኘለት በራሱ ጥፋት አይደለም። ይሁንና ማመልከቻውን የሚያነቡት ሰዎች ይህን አያውቁም፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነገራቸው ይገባል። በአንድ ብቻ ነው ያልሁት፤ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ምሬት መምሰል ይጀምራል።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የአንጎልን ሞገድ የሚመዘግበው መሣሪያ ተበላሽቷል ተብዬ ተጠራሁ። ሐኪሟ የሚጥል በሽታ ያለበትን አንድ ሕፃን ሊመረምሩ ቢሞክሩም በመስኮቱ ላይ የሚያዩት እንደ ጥቅጥቅ ያለ ጥልፍ የተደራረበ ጥቁር መስመር ብቻ ሆኖባቸው ነበር። መሣሪያውን ፈትሼ ደኅና ሆኖ አገኘሁት። የተበላሸው የክፍሉ ግራውንድ፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚያያዘው መስመር ነበር። በራስ ቅል ላይ ተለክቶ የሚገኘው የአንጎል ኤሌክትሪክ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ቢሆን ነው፤ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ደግሞ 220 ቮልት ነው። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው የግድግዳው ጩኸት የልጁን አንጎል ድምፅ ውጦት ነበር ማለት ነው። ከውጭ ዘንግ አስቀብሬ፣ ሽቦውን አዙሬ፣ መጋጠሚያዎቹን አጥብቄ በተመለስሁ ጊዜ መስመሩ ጠራ። ሐኪሟም በጣታቸው እያመለከቱ «ይኸ እንቅልፍ ነው፤ ይኸኛው ሹል ደግሞ የበሽታው ምልክት ነው» ብለው አሳዩኝ። በአምስት ዓመት ትምህርቴ ስለ ሲግናልና ስለ ማጣሪያ የተማርሁት ሁሉ ለአንድ ሕፃን ራስ የሚያገለግል መሆኑን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንበብ ጀመርሁ። ባነበብሁም መጠን የነርቭ ጥናትና የእኛ ሙያ የቆየ ዝምድና ያላቸው ሆነው አገኘኋቸው። በ1850ዎቹ ዊሊያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ በባሕር ሥር ለሚዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ ያወጣው ቀመር፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ምልክት በነርቭ ክር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ለማስላት አገልግሏል። አለን ሆጅኪንና አንድሩ ሃክስሊ በ1952 ስለ ነርቭ ምልክት ያሳተሙትን ሒሳብ ብትመለከቱ፣ ሬዚስተርና ካፓሲተር ያለበት የዑደት ሥዕል ታገኛላችሁ፤ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ሥዕል ነው። ሃክስሊ የቀመሩን መፍትሔ ያሰላው እጀታው በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር በዚያ ጊዜ አልተገኘለትምና። ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን ጂኦርግ ፎን ቤኬሺ ነው። ይህ ሰው በቡዳፔስት በሀንጋሪ ፖስታና ቴሌፎን ላቦራቶሪ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ የመገናኛ መሐንዲስ ነበር። የቴሌፎኑን መስመር ለማሻሻል ሲል፣ በመስመሩ ጫፍ ላይ ያለውን ጆሮ መመርመር ጀመረ፤ ድምፅ በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ እንዴት እንደ ሞገድ እንደሚጓዝ በማሳየቱም በ1961 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በአሜሪካ ለሚገኙ ስድስት ፕሮግራሞች አመለከትሁ። የማመልከቻውን ገንዘብ በዶላር የከፈለልኝ በዚያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነበር፤ ዕዳውን እስካሁን አልጠየቀኝም። ሦስት ወር ጠብቄ ስድስት አጫጭር የመሰናበቻ ደብዳቤዎች ደረሱኝ። ለቃለ መጠይቅ እንኳ የጠራኝ አልነበረም።

ያን ጊዜ የጻፍሁትን የዓላማ መግለጫ በቅርቡ አውጥቼ ባነበው አፈርሁ። የመጀመሪያው መስመር አንጎል ከልጅነቴ ጀምሮ ይደንቀኝ እንደ ነበር ይናገራል። እውነቱን ለመናገር፣ በልጅነቴ ይደንቀኝ የነበረው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ እያቃሰተ የሚወጣው የጭነት መኪና ነው። ሁለተኛው አንቀጽ የታላላቅ ሰዎች ዝርዝር ነው፤ ቤኬሺ መሐንዲስ ነበር፤ በ2000 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኤሪክ ካንደል በሃርቫርድ ያጠናው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ ወዘተ። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ስለ እኔ ግን የሚሉት አንድም ነገር የለም። በዚያም ላይ ካንደል ከታሪክ ትምህርቱ በቀጥታ ወደ ነርቭ ሳይንስ አልዘለለም፤ በመካከሉ የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ሐኪም ሆኗል፤ ይህን ደግሞ ሳልጽፈው ዐልፌዋለሁ። ሦስተኛው አንቀጽ የምሕንድስና ዲግሪ በመያዜ ይቅርታ የመጠየቅ ያህል ነው። የግራውንዱ ታሪክ ግን በጽሑፉ ውስጥ በጭራሽ የለም።

ለምን እንዳላስገባሁት ታውቃላችሁ? የእጅ ሥራ መስሎ ስለ ታየኝ ነው። ዘንግ መቅበር፣ ሽቦ ማጥበቅ ለዶክትሬት ማመልከቻ የማይመጥን ዝቅ ያለ ነገር አድርጌ ቈጠርሁት። በአገራችን አንጥረኛውንና ሸማኔውን ያኖርንበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደ መጣብኝ ለመረዳት አይቸገርም።

ከተሰናበትሁባቸው ቦታዎች ወደ አንዱ ምክንያቱን ለመጠየቅ ጻፍሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይሰጥም፤ ለእኔ ግን አንድ መምህር መልስ ሰጡኝ። የዲግሪዬ ስም እንዳላስቸገራቸው፣ የስሌትና የሲግናል ትምህርት ያለው ሰው ይልቁንም እንደሚፈለግ፣ ያስቸገራቸው ግን ምን ጥያቄ ጠይቄ ምን እንዳገኘሁ አለመታየቱ መሆኑን ነገሩኝ። ባዮሎጂ በመጽሐፍ ይሟላል፤ ምርምር ሠርቶ ማየት ግን በመጽሐፍ አይሟላም የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ።

ወጣቶች ከሁሉ በፊት ይህን እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ አያስፈልግም። የጎደላችሁ የሴሎችና የነርቮች ዕውቀት ከሆነ፣ ካንደልና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት፣ መጀመሪያ በ1981 የታተመው ትልቁ የነርቭ ሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ አለ። ኒውሮማች አካዳሚ የሚባለው በ2020 የተጀመረ የኢንተርኔት የክረምት ትምህርት ደግሞ ስሌትን ከነርቭ ሳይንስ ጋር ያስተምራል፤ ክፍያውም እንደየአገሩ ኑሮ ዝቅ ይላል። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን አካባቢ ከ2017 ጀምሮ የሚካሄድ «ኢምቢዞ» የተባለ የስሌት ነርቭ ሳይንስ የክረምት ትምህርት ቤትም አለ፤ ከፊዚክስ፣ ከሒሳብና ከምሕንድስና የሚመጡትን አፍሪካውያን ይፈልጋል።

ምርምሩስ ከየት ይመጣል? እኔ የጀመርሁት በላፕቶፕ ነው። የቦስተን ሕፃናት ሆስፒታልና ኤም.አይ.ቲ. የ22 ሕመምተኞችን የአንጎል ሞገድ፣ የሚጥለው በሽታ በተነሣባቸው ሰዓት ጭምር፣ ማንም እንዲመረምረው በነጻ አውጥተውታል። መጀመሪያ ስከፍተው ፈገግ አልሁ፤ የግድግዳው ጩኸት እዚያም አለ፤ ልዩነቱ በአሜሪካ የሚመላለሰው በሴኮንድ 60 ጊዜ መሆኑ ነው። ከጠቀስኋቸው ሐኪም ጋር በመሆን፣ ግራውንዱ ደካማ በሆነ ክፍል ውስጥ የተወሰደ ምዝገባ ምን ያህል ሐሰተኛ ምልክት እንደሚያስነሣ በዚህ ምዝገባ ላይ ጩኸት እየጨመርሁ ፈተንሁ። ትንሽ ሥራ ነው። ግን የእኔ ጥያቄ ነው፤ ሌላ አገር ያለ ሰው ብዙም የማያስብበት ጥያቄ ነው።

ጥያቄ ፍለጋ ሩቅ መሄድ እንደማያሻን ላሳያችሁ። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ሳንቃ በር ስትጓዙ በመንገዱ ዳር የምታዩትን፣ በገብሱ ምክንያት የምንጣላውን ጭላዳ ውሰዱ። ወንዱ ጭላዳ ሴቶቹን ሲያባብል ከንፈሩን እያማታ የሚያሰማው ድምፅ፣ ምቱ ከሰው ንግግር ምት ጋር እጅግ የሚቀራረብ መሆኑን ቶሬ በርግማን የተባለው ተመራማሪ በ2013 ጽፏል። በ2016 ደግሞ ሞርጋን ጉስቲሰንና ባልደረቦቿ የጭላዳው የድምፅ ሰንሰለት በረዘመ ቍጥር እያንዳንዱ ድምፅ እንደሚያጥር፣ ይህም በሰው ቋንቋ ውስጥ የሚታወቅ ሕግ መሆኑን አሳይተዋል። የዶክትሬት ጥናቷን በእኛ ጭላዳዎች ላይ የሠራችው ይህችው ሴት በኋላ አንጎልን ወደ መመርመር ተሻግራ፣ ጥንድ ሆነው በሚኖሩ አነስተኛ የሜዳ አይጦች አንጎል ላይ ጥናት አሳትማለች። ከስሜን ተራራ ወደ ነርቭ ሳይንስ የሚወስድ መንገድ አለ ስላችሁ የምናገረው በምኞት አይደለም፤ የሄደችበት ሰው አለች። የእኛ ልጆች ግን በዚያው ጊዜ ጭላዳውን በወንጭፍ ከአዝመራ ሲያባርሩ ነበር።

በዚሁ በስሜን፣ አምባራስ በተባለው ቦታ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደም በ2002 በታተመ ጥናት ተመርምሮ፣ የሄሞግሎቢን መጠኑም ኦክስጅኑም በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙ የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። በአንዲስም በቲቤትም ያለው ሁኔታ እንዲህ አይደለም። አንጎል ኦክስጅንን እጅግ የሚሻ አካል ነውና ከዚህ ብዙ ጥያቄ ይወጣል። ወደ ታች ወደ ደንቢያና ወደ ፎገራ ብትወርዱ ደግሞ ጓያ እግሩን ያሰረው ገበሬ ታገኛላችሁ፤ በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ የነርቭ ሴሎችን ይጎዳል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ አጥንተው በ1990 አሳትመዋል። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ሥራቸው በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሕዝብ ቤት ለቤት ተፈትሾ፣ ከሺሁ 5.2 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ታውቋል። ይህ ሁሉ የተገኘው ከባድ መሣሪያ ስለ ነበረ ሳይሆን፣ ጥያቄው በትዕግሥት ስለ ተጠየቀ ነው። ዳባት ላይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን እየተከታተለ የሚመዘግብበት የምርምር ማእከል አለ። መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብና እንደሚጠራ ለመማር ለሚፈልግ የስታትስቲክስ ወይም የኮምፒዩተር ምሩቅ ከዚህ የቀረበ ቦታ አላውቅለትም።

ስለ ዳባቷ ልጅ ልንገራችሁ። በጂኦሎጂ የተመረቀች ናት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባት በቀረበ ጊዜ ታናሽ ወንድሟ በሌሊት እየባነነ መጮኽ ጀመረ፤ ሰላም ከወረደ በኋላም ይህ አልተወውም። ስለ እንቅልፍና ስለ ፍርሃት ማንበብ የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ እኔ ስትመጣ የቈረጠችው ነገር ነበር፤ እናቷ ሁለቱን በሬዎች ሊሸጡላትና በግል ኮሌጅ በሥነ ልቡና ከመጀመሪያ ዓመት ልትጀምር። ሌላ አራት ዓመት! በሬዎቹ እንዳይሸጡ ለመንኋት። የተማረችው የመሬት መንቀጥቀጥ ሒሳብ የት እንደሚያገለግል ሁለታችንም ስንፈልግ፣ በ2010 የወጣ አንድ ጥናት አገኘን፤ ኢቫን ኦሶሪዮና ባልደረቦቹ የሚጥል በሽታ ጥቃቶች በመጠናቸውና በጊዜ አደራደራቸው የመሬት መንቀጥቀጥን ሕግ እንደሚመስሉ ያሳዩበት ነው። ትልቁ ከትንሹ ምን ያህል ጊዜ እንደሚያንስ፣ ከአንዱ በኋላ ተከታዮቹ እንዴት እንደሚበርዱ፣ በሁለቱም ዘንድ ይመሳሰላል። እርሷ ይህን ሒሳብ ከማንኛውም የባዮሎጂ ምሩቅ ይበልጥ ታውቀዋለች። በነጻ የሚገኘውን ምዝገባ ወስዳ ሰባት ወር ሠራችበት። ውጤቷ ከቀደመው ጥናት በከፊል ብቻ ተስማማ፤ ያልተስማማውን አልደበቀችም። ቃለ መጠይቅ ያደረጉላት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የጠየቋት ስላልተስማማው ክፍል እንደ ነበር ነግራኛለች።

ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ልወስድበት የምፈልገው ግን ስለ ምስክርነት ደብዳቤዎች ነው። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ሦስት ይጠይቃሉ። በእኛ ዘንድ የተለመደው አሠራር ምን እንደ ሆነ እዚህ የተቀመጡት መምህራን ያውቁታል፤ ተማሪው ደብዳቤውን ራሱ አርቅቆ ይመጣል፤ መምህሩ ጊዜ የላቸውምና ዐይናቸውን ጣል አድርገው ይፈርማሉ። እኔም በመጀመሪያው ዙር ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሦስቱንም በእጄ ጻፍኋቸው። በሦስቱም ውስጥ ታታሪ፣ ታማኝ፣ ጨዋ ነኝ፤ በሦስቱም ውስጥ አንድ ዐይነት ስሕተት በአንድ ዐይነት ቦታ ይገኛል። ማመልከቻዬን ያነበበው ሰው ሦስት ፕሮፌሰሮች በአንድ አፍ ሲናገሩ ሰምቷል ማለት ነው። ይህ ከእውነት የራቀ አሠራር መሆኑ ሳይበቃ ጥቅምም የለውም። ታታሪ ነው የሚለው ቃል ለማንም ምንም አያስረዳም። ተማሪው ልኬቱ አልገጥም ሲለው ሦስት ጊዜ ላቦራቶሪ ተመልሶ ስሕተቱ በመምህሩ የመመሪያ ወረቀት ላይ መሆኑን አገኘ የሚል አንድ መስመር ግን ያስረዳል። እንዲህ ያለውን የሚጽፍ መምህሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለመምህራችሁ የተዘጋጀ ደብዳቤ አትውሰዱላቸው። ከእርሳቸው የተማራችሁትን ትምህርት፣ ዓመቱን፣ የሠራችሁትን ሥራና የገጠማችሁን ችግር የያዘ አንድ ገጽ ስጧቸው፤ ከሁለት ወር በፊት ስጧቸው፤ ቀኑ ሲቀርብም በትሕትና አስታውሷቸው። ከሦስቱ አንዱ ምርምር ስትሠሩ ያያችሁ ሰው ይሁን። በአቅራቢያችን የነርቭ ሳይንስ ፕሮፌሰር ባይገኝ፣ አብሯችሁ የሠራ ሐኪም ወይም የፊዚዮሎጂ መምህር ይበቃል። መምህራንንም እለምናለሁ፤ አንድ ምሽት ነው የሚወስድባችሁ።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ችግር አለብን፤ እርሱም ከጨዋነታችን የሚመጣ ነው። «እኔ» ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የዳባቷ ልጅ የመጀመሪያ ረቂቅ ሲመጣልኝ ከዳር እስከ ዳር «ተጠንቷል»፣ «ተደርሶበታል»፣ «እኛ ሞክረናል» የሚል ነበር። «ፕሮግራሙን የጻፈው ማን ነው?» አልኋት። መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። «ስሌቱን ያረመውስ?» አልኋት። ከብዙ ቈይታ በኋላ «እኔ ነኝ መሰለኝ፣ ጋሼ» አለችኝ። መሰለኝ! ሰባት ወር ብቻዋን የሠራችውን። ጽሑፉን የሚያነበው ሰው ባህላችንን አያውቅም፤ «እኛ» ስትሉት ሌሎች እንደ ሠሩትና እናንተ በአጠገቡ እንደ ቆማችሁ አድርጎ ይወስደዋል። መኵራራት አያስፈልግም፤ የሠራችሁትን ሥራ ያለ ቅጽልና ያለ ይቅርታ በስማችሁ መጻፍ ግን ያስፈልጋል። ሐኪሟ የሠሩትንም በስማቸው ጻፉ። ልኩ ይኸው ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልናገር። በአሜሪካ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ይቻላል፤ ትምህርቱ አምስት ስድስት ዓመት ይወስዳል፤ የተቀበሉት ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፣ ለመተዳደሪያ የሚሆን አበልም ያገኛል። የብዙዎቹ ማመልከቻ በኅዳር 22 ቀን አካባቢ ይዘጋል፤ ቃለ መጠይቁ በጥርና በየካቲት ነው፤ የተቀበሉት ሰው እስከ ሚያዝያ 7 ቀን መልስ ይሰጣል። ጂ.አር.ኢ. የተባለውን ፈተና ብዙዎቹ ትተውታል፤ የሚጠይቁም ስላሉ የእያንዳንዱን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው። ለማመልከቻው ገንዘብ ምሕረት መጠየቅ እንደሚቻል እኔ ያወቅሁት ከስድስት ክፍያ በኋላ ነው፤ እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ጻፉላቸው። በ2025 የምርምር ገንዘብ ስለ ተቀነሰ አንዳንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉትን ቍጥር ቀንሰዋልና ተስፋችሁን ሁሉ በአንድ አገር ላይ አትጣሉ። በአውሮፓ አብዛኛው ቦታ መጀመሪያ ማስተርስ ይጠይቃል፤ ነገር ግን በጀርመን በጎቲንገን ሁለቱን ያያያዘ የነርቭ ሳይንስ ትምህርት ከ2000 ጀምሮ አለ፤ በለንደን በ1998 የተቋቋመው የጋትስቢ ክፍል ደግሞ የሒሳብና የፊዚክስ ጥንካሬ ያላቸውን ይፈልጋል። የዳባቷ ልጅ የገባችው ማስተርስንና ዶክትሬትን ባያያዘ የአውሮፓ ፕሮግራም ነው። በሬዎቹም አሉ።

ሁለተኛው ማመልከቻዬ በ2016 ዓ.ም. ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በክልላችን ተቋርጦ እንደ ነበር አትረሱትም። አንደኛው መምህሬ ደብዳቤያቸውን ጽፈው በእጃቸው ይዘው፣ የሚልኩበት አጥተው ቀኑ ዐለፈ። ካመለከትሁባቸው አራት ቦታዎች ወደ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ሁኔታውን በሦስት መስመር አስረድቼ ጻፍሁ፤ ሁለቱ ዘግይቶ የመጣውን ደብዳቤ ተቀበሉ፤ ሁለቱ መልስ አልሰጡም። ከተቀበሉት አንዱ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ፤ ከዚያም በተጠባባቂነት መዝግቦ አቈየኝ፤ ተራው ሳይደርሰኝ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ዝም ማለት እንደሌለበት፣ ከመዘጊያው ቀን በፊትም ሆነ በማግሥቱ መጻፍ እንዳለበት ለማሳየት ነው የምነግራችሁ።

«ተምረው ሄደው ከቀሩ ለአገሩ ምን ይተርፈዋል?» የሚል ጥያቄ ከወላጆች መካከል እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እኔንም አባቴ ጠይቀውኛል። ለእርሳቸው የሰጠሁት መልስ፣ ያ ግራውንድ ዛሬም ሄጄ የማየው እኔ መሆኔን ነው። ሙሉ መልስ አይደለም፤ እርሳቸውም አልተቀበሉኝም።

ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ከቀትር በኋላ ረቂቅ ያላችሁ ሁሉ እዚሁ እንገናኝ። ሐሳባችሁን ሳይሆን ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አንድ ገጽም ቢሆን ይበቃል። እኔም የራሴን አመጣለሁ፤ እናንተም ታርሙልኛላችሁ። የግራውንዱ ታሪክ በዚህ ጊዜ በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው።